ደሴ ላይ ያረፈው ቤት

የዚያ ፊልም መጨረሻ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ለዓመታት አጣልቶናል።

ፊልሙን የልጆች ነው ይሉታል እንጂ ሽማግሌም ጀምሮ አይነሳም። አንድ አባት ምድር ቤቱ ውስጥ የሠራው ማሽን ሳይታሰብ ቤቱን ከነጓሮው፣ ከነልብስ ማስጫው ገመድ ወደ ሰማይ ያስወነጭፈዋል። ከዚያ ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው ወደ ምድር የሚመለሱበትን መንገድ ፍለጋ ከኮከብ ኮከብ ይንከራተታሉ። ሌላ አንድ ግትር ማሽን አለ፤ መንገድ ምራን ሲሉት ሾርባ ይሠራል። እንግሊዝኛው ባይገባንም አገራቸው መግባት እንደናፈቃቸው ያስታውቅ ነበር።

ካሴቱን አባቴ ኮምቦልቻ ከሥራ ባልደረባው ተውሶ ሲያመጣው ቤታችን ቴሌቪዥን እንጂ የቪዲዮ ማጫወቻ ዴክ አልነበረም። ዴክ ያለው ደሴ ያለው አጎቴ ነው። የአክስቴ ሠርግ ደግሞ እሱ ግቢ ስለተደገሰ ካሴቱን ሹራቤ ውስጥ ሸጉጬ ሄድኩ። የሐረጎን ዳገት ስንወጣ እናቴ ገና ድክ ድክ የሚለውን ወንድሜን በጋቢ ጠቅልላ የደሴን ብርድ ትራገማለች። የኮምቦልቻ ሰው ደሴ ሲወጣ ብርዱን መራገም ወጉ ነው።

በሠርጉ ዕለት እኛ ልጆች አጎቴ መኝታ ቤት ተዘግተን ፊልሙን ማየት ይዘናል። በመጨረሻ ምድር በወጥ ቤታቸው መስኮት ታየች፤ ሴትዮዋ መዳፏን መስታወቱ ላይ ለጠፈች። በሩ የተከፈተው ያኔ ነው። ሠርጉን በካሜራ የሚቀዳው ሰውዬ ካሴት ጨርሶ፣ እናቴ የኛን ልትወስድ መጥታለች። ቀሚሷን ይዤ ተንጠለጠልኩ።

«አብሽሪ፣ ፊልሙን ሌላ ቀን ታይዋለሽ። አክስትሽ የምትዳረው ዛሬ ነው» ብላ አፍንጫዬን በሻሿ ጫፍ ጠርጋልኝ ወጣች። እኔ ግን ኩርፊያዬን እስከ እራት ድረስ አልተውኩም።

የካሴቱ ባለቤት ሠርግ የተቀዳበትን ምን ላደርገው ነው ብሎ ለኛ ተወልን። ብዙም ሳይቆይ እናቴ ታመመች፤ ከዚያ አልተነሳችም። አላህ ይርሃማት። ወንድሜ መልኳን ለማስታወስ አልደረሰም ነበር። አጎቴ ልጆቹ ይጽናኑ ብሎ ዴኩን ሰጠን።

በኛ ካሴት ላይ ምድር በመስኮቱ ትታያለች፣ ስክሪኑ ይርገፈገፋል፣ ከዚያ የሠርጉ ድቤ ነው። እናቴ ቢጫ ቀሚሷን ለብሳ ትከሻዋን እያራገፈች ከሴቶቹ መሀል ትወጣለች። ወደ ካሜራው ዞራ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ አንድ ነገር ትናገራለች፤ ድምጿን ድቤው ይውጠዋል። ካሴቱ እዚያው ያልቃል።

ወንድሜ ይህን ከመጀመሪያው አንስቶ እንደ አንድ ፊልም ነው ያየው። ለሱ ያ ቤት ከኮከብ ኮከብ ተንከራትቶ ደሴ፣ አጎቴ ግቢ አረፈ። እናቴም እንግዶቹን «እንኳን ደህና ገባችሁ» እያለቻቸው ነው። እኔ አዋቂ የሆንኩ መስሎኝ መጨረሻው እንደዚህ አይደለም፣ ተበላሽቶ ነው ስለው ያለቅሳል። አባቴ አንድ ቀን ጠርቶ «ተይው፣ ልጄ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ተውኩት።

ካሴቱን አንድ ክረምት ዴኩ በላው። አጎቴ በስኮች ፕላስተር ቀጣጥሎት ጥቂት ጊዜ ሠራ፤ በኋላ ጭራሽ እንቢ አለ። ወንድሜ ያን ሰሞን ምግብ አልበላ ብሎ አስቸገረን፤ እኔም አብሬው አለቀስኩ።

ሥራ ይዤ ደሴ ስገባ፣ ፒያሳ አንድ ሲዲ ሻጭ ዘንድ ያ ፊልም ሙሉውን አገኘሁት። ወንድሜ ያኔ ጢም ማብቀል የጀመረ ተማሪ ነው። ቅዳሜ ኮምቦልቻ ወርጄ ከአባቴ ጋር ሦስታችን ተቀምጠን አየነው። ቤቱ ዘመም ብሎ መስክ ላይ ያርፋል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ግትሩ ማሽን ለሁሉም ሾርባ ያድላል። ያን ያህል ዓመት የጠበቅኩት ነውና እንባዬ መጣ። ደግሞም ያምራል። ወንድሜ በሚያስቀው እየሳቀ እስከ መጨረሻው አየ። ሲያልቅ በሪሞቱ አጥፍቶ ወደ እኔ ዞረ።

«በዚያ ካሴት ላይ እንግዶች እየተቀበለች እንዳልነበረ ካወቅኩ ቆይቻለሁ» አለኝ። «እማዬ ምንድን ነበር ያለችው?»

ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። እኔ በሠርጉ ቀን እሱን አዝዬ ከካሜራው ሰውዬ ኋላ እንዳኮረፍኩ ቆሜ ነበር፤ ያለችውን ጥርት አድርጌ ሰምቻለሁ።

«‹ልጄን አምጡልኝ› ነው ያለችው። ይዛህ ልትጨፍር።»

«አመጣችሁኝ?»

«እኔ ነኝ ያቀበልኳት። እስኪደክማት ይዛህ ጨፈረች። ካሴቱ አልቆ ነው እንጂ፣ አንተም ነበርክበት።»