አነፍናፊ መኪና ውስጥ ቀረች

ሰውየውን መሥሪያ ቤት ጆሮ ነው የሚሉት። እናቱ ያወጣችለት ስም አለ፤ ግን ደመወዝ ከፋዩ ካልሆነ የሚያስታውሰው የለም። ጆሮ ያሉት ማዳመጫ ደፍቶ፣ ጫፉ ላይ ሳህን የመሰለ ነገር ያለበትን ዘንግ አስፋልት ለአስፋልት እያንከራተተ ስለሚውል ነው። ውሃ ክፍል መንገድ ውስጥ የቀበረው የቧንቧ መዝጊያ ሁሉ የብረት ክዳን አለው። መንገድ ሠሪዎች ይመጡና ክዳኑንም ምኑንም በአስፋልት ለብጠውት ይሄዳሉ። ቧንቧ ፈንድቶ ውሃው ሰው ሳሎን ሲገባ መዝጊያው የት እንዳለ የሚያውቅ አይገኝም። ያኔ ጆሮ ይጠራል። ብረት መፈለጊያዋ ጢው ስትል "እዚህ ጋ ቆፍሩ" ይላል፤ ይቆፍራሉ፤ ውሃው ይዘጋል። መሣሪያዋን ሠራተኛው ሁሉ አነፍናፊ ይላታል።

አነፍናፊ ጭቃ አትፈራም፣ አቧራ አትፈራም። የምትፈራው ሙቀት ነው። ከእሷ በፊት የነበረችው ፀሐይ ላይ የቆመ ፒካፕ ውስጥ ውላ ስክሪኗ ከሰል መስሎ፣ የሳህኗ ማጣበቂያ ቀልጦ፣ ባትሪዋ አብጦ ተገኘች። የዚያን ቀን አለቃው አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። ይቺን ሲያስረክበው፣ "የመጨረሻዋ ናት። እሷ ከሞተች አንተን በር ጥበቃ ነው የማቆምህ" ብቻ አለው። ጆሮ ደግሞ "አትግባ" ማለት የማይሆንለት፣ የገዛ ልጆቹ እንኳ የማይሰሙት ሰው ነው።

ከዚያ ወዲህ እንደ አራስ ሸፍኖ ነው የሚይዛት። ምሳ ሲበላ ለብቻዋ ወንበር ይዛ ትቀመጣለች። ሚስቱ፣ "እኔን አንድ ቀን እንዲህ ሸፍነኸኝ ታውቃለህ?" ትለዋለች። አያውቅም።

አንድ ቀን የመሥሪያ ቤቱ መኪና ተበላሸና የሚስቱ ወንድም በታክሲው ሊያደርሰው መጣ። ሹፌሩ ልበ ሰፊ ሰው ነው፤ ለሰው ያልጠየቀውን ሁሉ ያደርግለታል። መንገድ ላይ፣ "ዋርሳዬ፣ የታክሲ ማኅበራችን ጋ አንዴ ገባ ብዬ ልውጣ" አለና አዳራሹ በር ላይ አቆመ። ጆሮ አነፍናፊን ኋላ ወንበር ላይ እንዳጋደማት ሽንት ቤት ደርሶ ሲመለስ መኪናዋ ተቆልፋለች፤ ሹፌሩ የለም። የቆመችበት ቦታ ደግሞ ለመድኃኒት እንኳ ጥላ የለውም።

ወደ አዳራሹ ሮጠ። በሩ ላይ ጥበቃ አለ።

"ወንድሜ፣ አንድ ሹፌር ጥራልኝ። ቁልፍ ብቻ ነው የምፈልገው።"

"ሊቀመንበር እየመረጡ ነው። ምርጫ ከተጀመረ በር አይከፈትም።"

"እሺ አንተ ግባና ተቀበልልኝ።"

"እኔ ከገባሁ በሩን ማን ይጠብቃል?"

ጆሮ ሰውየውን ልብ ብሎ አየው። ለካ በር ላይ መቆም እንዲህ ነው።

"ማንን ነው ለመሆኑ?" አለው ጥበቃው። ጆሮ ስሙን ነገረው። "ኧረ እሱማ ተወዳዳሪ ነው! ቤቱ ቢቃጠል አይወጣም።"

ጆሮ ስልክ ደወለ። ከጥበቃው እግር ሥር ያለ ቅርጫት ጮኸ። የስብሰባተኛው ስልክ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው።

"ይኸው፣ እየጠራልህ ነው" አለ ጥበቃው።

ጆሮ ወደ መኪናዋ ተመለሰ። በመስታወቱ ሲያይ አነፍናፊ በጀርባዋ ተንጋላለች፤ ፀሐይዋ ሳህኗ ላይ ወጥታ ወደ ስክሪኗ እየሄደች ነው። መስታወቱን ቢነካ እጁን ለበለበው። ድንጋይ አነሳ። መኪናዋ የሚስቱ ወንድም እንጀራ መሆኗን አሰበ። መስታወቱን ቢሰብር ትዳሩም አብሮ እንደሚሰነጠቅ አሰበ። ድንጋዩን መልሶ፣ ከነበረበት ቦታ አስቀመጠው።

ከዚያ ጃኬቱን አወለቀና በሁለት እጁ ወጥሮ መስታወቱ ላይ አጠላ። ውስጡ እንደ ምጣድ እየጋለ ጃኬት ምንም እንደማያደርግ ያውቃል። ግን ቆሞ ከማየት ይሻላል ብሎ ነው፤ ያው ቆሞ እያየ ነው።

ፊት ለፊት ሱቅ ያላት ሴትዮ ብቅ አለች።

"ወንድም፣ ምን እየሠራህ ነው?"

"ጥላ ሆኜ ነው።"

"ለማን?"

"ለማሽን።"

"ውይ፣ ሚስትህ ታድላ!"

"እሷ እንኳ አልታደለችም።"

ሴትዮዋ ስቃ ካርቶን አመጣችለት። ገና ከማስደገፉ ነፋሱ ይዞት ሄደ። ሴትዮዋም ደንበኛ መጣባትና ገባች። ፀሐይዋ ዞር ስትል ጆሮም አብሯት ይዞራል። ክንዱ መጀመሪያ ተቃጠለ፣ ቀጥሎ ደነዘዘ፣ በመጨረሻ የማን ክንድ እንደሆነም ጠፋው።

አዳራሹ ውስጥ ጭብጨባ ተሰማ። ሹፌሩ ሳቁ ከፊቱ ቀድሞ ወጣ።

"ዋርሳዬ! ተመረጥኩ እኮ! ምነው እንደ ልብስ ማስጫ ቆምክ?"

"ክፈት!"

ሲከፍተው ወላፈኑ ሁለቱንም ወደ ኋላ ገፋቸው። ጆሮ አነፍናፊን ሊያነሳ ሞከረ፤ ክንዱ አልታዘዝ አለው። ጣቶቹም አልታጠፍ አሉ። ሹፌሩ ብድግ አድርጎ አወጣት። ቁልፏን ሲጫን ስክሪኗ ደብዘዝ ብሎ በራ። ጢው አለች። በሕይወት አለች! ጆሮ አፉን ከፍቶ "ተመስገን" ሊል ነው።

"ኧረ ይቺ ፈልታለች!" አለ ሹፌሩ። ሃያ ዓመት መኪና የነዳ ሰው የፈላ ነገር ሲያይ ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። ከወንበሩ ሥር የራዲያተር ውሃ የያዘ ጀሪካን መዠረጠና ከላይ እስከ ታች አንቆረቆረባት።

ጆሮ እጁን ሊሰድ ፈለገ፤ እጁ ግን እዚያው ተንጠልጥሎ ቀረ። "ተው!" ያለው ጀሪካኑ ባዶ ከሆነ በኋላ ነው።

"አየህ፣ በረደች" አለ ሹፌሩ። አነፍናፊ ጢ... አለችና ዝም አለች። ስክሪኗ ውስጥ ውሃ ይዋልላል።

ሹፌሩ አንዴ እሷን፣ አንዴ ጆሮን አየ። ሳቁ ጠፋ። በሸሚዙ ጫፍ ጠራረጋት፣ አራገፋት፣ ነቀነቃት። "እኔ ነኝ ያበላሸኋት ብዬ ለአለቃህ ልንገረው?"

"አንተን ማን ያውቅሃል?"

"ሊቀመንበር ነኝ እኮ አሁን።"

ጆሮ ዓይኑን ከስክሪኗ አልነቀለም። ሹፌሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ዋርሳዬ... ፀሐይ ላይ ብናሰጣትስ?" አለ።

ጆሮ ሌላ ነገር ካለ ብሎ አሰበ፣ አሰበ። የለም። ሹፌሩ ባትሪዋን አወጣና የመኪናዋ ኮፈን ላይ በደረቷ አስተኛት። ጆሮም ጃኬቱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ ጥላው እንዳያርፍባት ፈቀቅ ብሎ ቆመ።