ሙሉ ሰርቪስ ያለው

አባቴ ያቺን ሐረግ አንዴ ከያዛት በኋላ ሊለቃት ነው? ካርቶን ላይ በጥቁር ቀለም «የሚሸጥ ቤት። ስድስተኛ ፎቅ። ባለ ሁለት መኝታ። ሙሉ ሰርቪስ ያለው» ብሎ ጻፈና፣ ከብስራተ ገብርኤል ወደ መካኒሳ ስትሄዱ መንገድ ዳር ካለው ሕንፃችን በር ላይ ሰቀለው። ያ ካርቶን አሳራችንን አሳየን።

በእኛ ሰፈር ሰርቪስ ማለት ከዋናው ቤት ጀርባ የሚሠራው የክፍሎች ረድፍ ነው። ማድ ቤቱ፣ ዕቃ ቤቱ፣ የሠራተኛ ክፍሉ፣ ደግሞም «ለሁለት ሳምንት ነው» ብሎ ከገጠር መጥቶ እዚያው የሚያረጀው ዘመድ የሚተኛበት ክፍል። ቤት ሊገዛ የመጣ ሰው ሳሎኑን ገረፍ አድርጎ አይቶ የሚጠይቀው ስለ ሰርቪሱ ነው። አባቴ ግን ሊፍቱን፣ ጥበቃውን፣ ጽዳቱንና ጄኔሬተሩን ማለቱ ነበር። ይህን ትርጉም ከእሱና ከባለሕንፃው በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ፎቅ ላይ እንዴት እንደተሰቀልን ልንገራችሁ። ሰማንያዎቹ መጨረሻ ላይ፣ መንግሥት ተለውጦ ገንዘብ ያለውን ሁሉ ፎቅ ፎቅ ባሰኘው ጊዜ፣ አንድ ባለሀብት ግቢያችንን አየና ወደደው። «ጋሼ፣ ግቢዎን ይስጡኝ፤ እኔ ደግሞ ከምሠራው ሕንፃ ላይ ባለ ሁለት መኝታ እሰጥዎታለሁ፤ ሙሉ ሰርቪስ ያለው» አለው። አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሊፍት የሌለው መሥሪያ ቤት ውስጥ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ሰው ነው፤ ሊፍት ሲባል ልቡ ጠፋ። እማዬን ሳያማክር ተስማማ። ማታ ሲነግራት «እኔ ወፍ ነኝ እንዴ?» አለችው። ቤታችን ከነሰርቪሱ ፈረሰ፣ ሕንፃው ቆመ፣ እኛም ስድስተኛ ላይ ወጣን።

ሙሉ ሰርቪሱስ? ሙሉ ሰርቪሱ አንድ ሰውዬ ነበር። እውነቴን ነው! ባለሀብቱ እጁ ሲያጥረው ሌሎቹን ሠራተኞች አሰናበተና አንዱን ዘበኛም ሊፍት ነጂም አደረገው። ሁለት ቆብ ሰጠው፤ ቡኒው የጥበቃ፣ ሰማያዊው የሊፍት። ጠዋት ሰው ሲወጣና ማታ ሲገባ ሰማያዊውን አድርጎ ሊፍቱ ውስጥ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። በተረፈው ሰዓት ሊፍቱን ይቆልፍና ቡኒውን አድርጎ በር ይጠብቃል። ይሁን፣ ሰው ለእንጀራው ሁለት ሥራ ይሠራል። ጉዱ፣ ሰውዬው ቆቡን ሲቀይር ራሱም መቀየሩ ነው። ቡኒውን አድርጎ ሳለ ሊፍቱን ክፈትልኝ ስትሉት፣

«እሱን የሊፍት ሠራተኛውን ጠይቁ፤ እኔ ጥበቃ ነኝ» ይላል።

«የሊፍት ሠራተኛው አንተ አይደለህም እንዴ?»

«አሁን አይደለሁም።»

አንድ ቀን ደሜ ፈልቶ «ታዲያ የት ሄዶ ነው?» ብለው፣ «ምሳ ወጥቶ ይሆናላ» አለኝ፣ የራሱን ምሳ እየጎረሰ። ፊቱ ላይ ቅንጣት ሳቅ አልነበረም።

እኔስ ደረጃውን እየተሳደብኩ እወጣዋለሁ። እማዬ ግን ጉልበቷን ያማታል፤ ደረጃ የማይታሰብ ነው። ገና እንደገባን ሰሞን፣ ጠዋት በሊፍት ወርዳ ሽንኩርት ገዝታ ስትመለስ ሰውዬው ቡኒውን ቆብ አጥልቆ ጠበቃት። ለመነችው። እሱም ከልቡ አዘነላት፤ «እኔም ብሆን የዚህ የሊፍት ሠራተኛ ነገር አልጣመኝም፣ እትዬ» አላት። እስኪመሽ በር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርቷን ስትልጥ ዋለች። ማታ ሰማያዊውን አድርጎ «እንዴት ዋሉ?» ብሎ ተቀበላት። ላይ እንደደረሰች «ሁለተኛ ከወረድኩ አልወጣም!» ብላ ማለች። ማለች ማለት ማለች ነው፤ ከዚያ ወዲያ መሬት አልረገጠችም። በረንዳው ላይ በቀለም ጣሳ ጤና አዳም ተከለችና ከእሱ ጋር ታወራ ጀመር። ቤቱ ተሽጦ ሀና ማርያም፣ እህቷ አጠገብ፣ መሬት ላይ ያለች ጎጆ እንድትገዛላት ብቻ ነበር የምትፈልገው።

ገዢ አልጠፋም። አንዷ ሴትዮ ሁለቱንም መኝታ ቤት አይታ ወደደች፤ ከዚያ ቁም ሳጥኑን ከፈተች፣ መታጠቢያ ቤቱን ከፈተች፣ ከመጋረጃው ጀርባ ሳይቀር አየች። «ሰርቪሱስ?» አለች። አባቴ ደረቱን ነፍቶ «ሙሉ ነው!» አላት። «እኮ የት ነው?» «በሕንፃው በሙሉ!» ሴትዮዋ ስምንቱም ፎቅ አብሮ የሚሸጥ መስሏት ባሏን ልትጠራ ሮጠች። ሌላው ሰውዬ ሰርቪሱን አከራይቶ መኖር ነበር ሐሳቡ፤ «ስንት ክፍል ነው?» ሲለው አባቴ ጄኔሬተሩን አሳየው። አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ፣ ሰርቪስ ሲባል ሠራተኛ የሚያመላልሰው አውቶቡስ መስሎት፣ በማለዳ ምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ ካርቶኑ ስር ቆሞ አገኘሁት። «ስንት ሰዓት ነው የሚያልፈው?» አለኝ።

«አባባ፣ በእናትህ ይህቺን ቃል አውጣት» አልኩት። «ሰው እየሳቀብን ነው።»

ጮኸብኝ። «ግቢዬን የሰጠሁት ለምን ይመስልሻል? ለዚህች ቃል እኮ ነው! እሷን ካወጣኋት ምን ቀረኝ?» አለና ጀርባውን ሰጠኝ። ያኔ ገባኝ። ቃሏን ማውጣት ለእሱ መታለሉን ማመን ነው። አንጀቴን በላው፣ ደግሞም አናደደኝ፤ ለእሱ ቃል ብለን እማዬን በጣሳ እንደተተከለው ጤና አዳም በረንዳ ላይ ልናደርቃት ነው?

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ መርካቶ የሚነግዱ ባልና ሚስት መጡ። ከደቡብ የመጡ፣ ረጋ ያሉ ጴንጤዎች ናቸው። ደረጃውን በእግራቸው ወጥተው እንኳ ቅር ያላቸው አይመስሉም። ቤቱን አዩ፣ ተያዩ፣ ፈገግ አሉ። እኔ በልቤ ተሸጠ ብያለሁ። ከዚያ ሚስትየዋ «እናቴን አብራኝ እንድትኖር ላመጣት ነው፤ ለእሷ ሰርቪሱ ይበቃታል። ሰርቪሱ የት ነው?» አለች።

አባቴ «ሙሉ...» ብሎ ሲጀምር፣ እማዬ ከወንበሯ «ከሊፍቱ ስር ነው፣ ልጄ» አለች።

ሁላችንም ዞርን። ተነሥታ የሴትዮዋን እጅ ይዛ ወደ በረንዳው ወሰደቻትና ቁልቁል አሳየቻት። «ያ ዘበኛ የቆመበት የግቢያችን በር ነበር። ሊፍቱ የቆመው ማድ ቤቴ ላይ ነው። ይህችን ልጅ የወለድኳት ከማድ ቤቱ ጎን ባለችው ክፍል ነው፤ ዋናው ቤት ገና አልተሠራም ነበር።» የሴትዮዋን እጅ አጥብቃ ያዘች። «እኔ ሌላ ምንም አልፈልግም፤ መሬት ልርገጥ።»

ሴትዮዋም አለቀሰች። «እማማ፣ ጌታ ያጽናዎት፤ እኔም እናቴን እዚህ አላወጣትም» ብላ ግንባሯን ስማት ከባሏ ጋር ወረደች።

አባቴ ወለሉን እያየ ቆመ። «ሰርቪስ የለውም» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግሁሽ።» ድንገት በሩን ከፍቶ ደረጃውን ቁልቁል ተያያዘው፤ የሚያደርገውን እንጃ ብዬ ተከተልኩት።

ሰውዬው ቡኒውን ቆብ አድርጎ ቆሟል። «ሊፍቱን ክፈት» አለው አባቴ።

«የሊፍት ሠራተኛው የለም፣ ጋሼ።»

«አለመኖሩን አውቃለሁ። እንግዲያው የሥራ መደቡ ክፍት ነው» አለና ሰማያዊውን ቆብ ግድግዳው ላይ ካለው ምስማር አንሥቶ ራሱ ላይ ደፋው።

ሰውዬው አሰበ። ራሱን አከከ። ምንም ስህተት አላገኘበትም መሰለኝ፣ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጠውና «መልካም የሥራ ጊዜ» አለው። እኔም አብሬው ሊፍቱ ውስጥ ገባሁ።

ሊፍቱ እያቃሰተ ስድስተኛ ደረሰ። እማዬ ድምፁን ሰምታ፣ ነጠላዋን ለብሳ፣ ጣሳዋን ታቅፋ ገባች። አባቴ በርጩማው ላይ ተቀምጧል፤ ቆቡ ሰፍቶት ጆሮው ላይ ወርዷል። ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም።

«ስንተኛ?» አላት።

«ምድር» አለችው።

እታች ስንደርስ ጫማዋን አወለቀች። አልወጣም ባለችው ጸናች፤ እኔም ታክሲ አሳፍሬ ሀና ማርያም እህቷ ዘንድ አደረስኳት። የአክስቴ ዋና ቤት በልጆች ተጨናንቆ ስለነበር ከጀርባ አንድ ክፍል ሰጠቻት። እናቴ ሰርቪስ ገባች።

አባቴ በማግስቱ ካርቶኑ ላይ «ያለው» የሚለውን ሰርዞ «የሌለው» ብሎ ጻፈበት። ሙሉ ሰርቪስ የሌለው! አበደ ብዬ ነበር። በዚያው ሰሞን አንድ ላጤ መጥቶ «ጋሼ፣ እውነት ሰርቪስ የለውም?» አለው። «ምንም የለውም» አለ አባቴ። «ተመስገን! ሰርቪስ ያለው ቤት ስከራይ ዘመድ ተሰብስቦ ጨረሰኝ» ብሎ ሳይከራከር ገዛው።

አባቴ ሻንጣውን ይዞ ሀና ማርያም መጣ። ሰማያዊው ቆብ አሁንም ራሱ ላይ ነው፤ መመለስ ረስቶ ይሁን ዘበኛው መርቆለት አልጠየቅሁትም። አክስቴ ከበር ተቀብላ ወደ ሳሎን ልታስገባው ስትል እጇን ያዝ አደረጋት።

«ሰርቪሱ የት ነው?» አላት።

«ሙሉ ነው!» ብላ ጮኸች እማዬ ከጀርባ። ከዚያ ለጤና አዳሟ ጉድጓድ ትምስ የነበረችበትን ዶማ ጥላ፣ በሯ ላይ የነበረውን ጣሳ አንሥታ እንዲገባ መንገድ ለቀቀችለት።