የጥንዚዛዋ የኋላ እግር

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ የባዮሎጂ አስተማሪያችን ሁለት ሁለት አድርጎ አቧደነንና አሥር ዓይነት ነፍሳት ሰብስበን፣ በየቤተሰባቸው ለይተን፣ ካርቶን ላይ በመርፌ ሰክተን እንድናመጣ አዘዘን። ደርግ ነው ዘመኑ፤ ከትምህርት የተረፈንን ጊዜ የቀበሌ ወጣቶች ስብሰባ ይወስደዋል። ለእኔ የደረሰችኝ የግድግዳ ጎረቤቴ ናት። ቤቷ ሶማሊኛ፣ ገበያ ኦሮምኛ፣ ከእኔ ጋር አማርኛ የምታወራ፣ በእጇ ለመያዝ የምትፈራው ነገር ያልተፈጠረ ልጅ። እኔ ደግሞ በረሮ ሳይ ወንበር ላይ የምወጣ ነበርኩ።

የመጀመሪያዋን ጥንዚዛ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ አገኘናት። ወንዙ ደርቋል። ፀሐይ ሳትበረታ፣ ከትምህርት ቤት በፊት ነበር የወረድነው። ጥቁር፣ እግረ ረጅም፣ ጀርባዋ እንደተወለወለ ጫማ የሚያብረቀርቅ። ጓደኛዬ ጣቷን ስታስጠጋ ሮጣ አላመለጠችም። ቆመች፣ ግንባሯን አሸዋው ላይ ደፋች፣ ቂጧን ወደ ሰማይ ሰቀለች።

«አቦ! ይቺ ደግሞ ምን ሆና ነው?» ብላ እየሳቀች አነሳቻት። ወዲያው ጥንዚዛዋ የሚሰነፍጥ ነገር ረጨችባት። ጣቶቿ ቡናማ ሆነው ቀሩ። ሦስት ቀን በሳሙና ብትፈትጋቸው አልለቅም አሉ፤ እናቷም «ያለ ሰርግ ሂና ማን ቀባሽ?» እያለች ትስቅባት ነበር።

ሁለተኛዋ የመጣችው ከገዛ ቤታችን ነው። እናቴ ለዶሮዎቿ የምታስቀምጠው ፉርሽካ ውስጥ ቢጫ ትላትል ፈሉ። ልትደፋው ጣሳውን ስታነሳ ጓደኛዬ ደረሰች።

«እትዬ፣ በእናትሽ አትድፊው!»

«ምን ልታደርጊው?»

«ላሳድጋቸው።»

እናቴ እኔንም እሷንም አየችን። «ከግቢ አውጥታችሁ አሳድጉ» አለችና ጣሳውን ሰጠችን።

በባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ፣ ከእነሱ ቤት ጥላ ሥር አስቀመጥናቸው። በሳምንት አንዴ ቁራጭ ካሮት እንጥልላቸዋለን። ትሎቹ አደጉ፣ ቆዳቸውን ደጋግመው ገፈፉ። አንድ ቀን አንዱ መንቀሳቀስ አቆመ፤ ነጭ ሆኖ ተኮራመተ፣ እግሮቹን ደረቱ ላይ አጠፈ። እኔ ሞተ ብዬ አዘንኩ። ጓደኛዬ በገለባ ስትነካው ወገቡን አወዛወዘ። አስተማሪያችን ፑፓ ያለን፣ በትልና በጥንዚዛ መሃል ያለው ደረጃ፣ ይሄ ነው! ከዚያ በኋላ የፉርሽካውን አቧራ እየጠረግን ስናይ ሌሎቹም አንድ በአንድ እየተኮራመቱ ነበር።

በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን ነጯ ነገር ተሰነጠቀችና ጥንዚዛ ወጣች። እሷም ነጭ ናት! እንደ ወተት። ያን ጊዜ የጮህኩት ጩኸት ጎረቤት አወጣ። እባብ መስሏቸው ዱላ ይዘው የመጡ ነበሩ። ሁሉም ቆርቆሮው ላይ አጎንብሰው አዩ። በማግስቱ የማር ቀለም ያዘች፣ ከዚያ ቀላች፣ በመጨረሻ ጠቆረች። ከገብስ ፍሬ የማትበልጥ ነገር ናት፤ ግን ሰፈሩ ሁሉ እየመጣ «ዛሬስ ምን ሆነች?» ይላል።

ነፍሳቱን የምንለይበት መጽሐፍ፣ ሽፋኑ የወደቀ፣ ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ተውሰን ነበር። ስለ ጥንዚዛ እንዲህ ይላል፦ የእግሯን መዳፍ አንጓ ቁጠር። የፊትና የመሃል እግሮቿ አምስት አምስት፣ የኋላዎቹ አራት አራት ከሆኑ፣ አንቴናዋም እንደ ዶቃ የተሰካካ ከሆነ፣ ከጨለማ ወዳድ ጥንዚዛዎች ቤተሰብ ናት። መቁጠሩ ነው ችግሩ። ዓይናችን አልደረሰም።

ከዚራ ሰፈር ሁላችንም «አሚ»፣ አጎቴ እንደ ማለት፣ እያልን የምንጠራቸው አረብ ሰዓት ሠሪ ነበሩ። ዓይናቸው ላይ የሚሰኩትን አጉሊ መነጽር አውሰውን በራቸው ላይ አስቀመጡን። ጓደኛዬ መነጽሩን ስትሰካ ጥንዚዛዋን የምይዘው እኔ ሆንኩ። እጄን ከኋላዬ ደበቅኩ።

«ያዢ እንጂ፣ ዋላሂ አትበላሽም!» አለችኝ።

ያዝኩ። የደቻቱዋ፦ አምስት፣ አምስት፣ አራት። የፉርሽካዋ፦ አምስት፣ አምስት፣ አራት። አሚ ሥራቸውን ትተው ራሳቸው ቆጠሩና «ማሻአላህ፣ እህትማማች ናቸው» አሉ።

በማስረከቢያው ቀን ከሌሎቹ ስምንት ነፍሳት ጋር ሁለቱን ጎን ለጎን ሰክተን አቀረብን። አስተማሪያችን ካርቶኑን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ይቺ በራሪ ናት፣ እህል ታበላሻለች። ይቺኛዋ ክንፏ ተጣብቆ የተዘጋ፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ ናት። ጥቁር ስለሆኑ ብቻ አንድ ቤት አስገባችኋቸው?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ግን አፌ ቀደመኝ፦ «ቲቸር፣ የኋላ እግራቸውን ይቁጠሩት።»

ካርቶኑን ወደ ራሱ ሳበ። ከዚያ ቁልፍ አውጥቶ ቁም ሳጥኑን ከፈተና ማይክሮስኮፑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አንደኛዋን አየ። ሁለተኛዋን አየ። እንደገና አንደኛዋን። ቀና ሲል ፊቱ በሙሉ ፈገግታ ሆኗል።

«አራት! አራት ናት!» አለ። «በየዓመቱ የተለያየ ቤተሰብ ናቸው እያልኩ ሳስተምር ነበር። ተሳስቻለሁ። ኑ፣ ተሰለፉና ሁላችሁም እዩ!»

ክፍሉ በሙሉ ተሰልፎ አየ። አስተማሪያችን እኔ የነበርኩበት ወንበር ላይ ተቀመጠና ጠመኔውን ሰጠኝ። እንቁላል፣ ትል፣ ፑፓ፣ ጥንዚዛ እያልኩ ሰሌዳ ላይ ሳልኩ። የደቻቱዋ ክንፍ የተጣበቀው እርጥበቷን ለመያዝ እንደሆነ እሱ ከወንበሩ እጁን አውጥቶ፣ ፈቃድ ጠይቆ ጨመረ። ሳቃችን ሊቆም አልቻለም።

በዚያው ሳምንት ወደ ሌሎቹ ሦስት ክፍሎች ላከን። ጓደኛዬ ያልገባው ተማሪ ካየች በሶማሊኛ ትደግመዋለች፣ በኦሮምኛ ትሰልሰዋለች። የደቻቱዋን ጥንዚዛ አቋቋም ግንባሯን ዴስክ ላይ ደፍታ እያሳየች ክፍሉን ታስጨበጭባለች። ሦስተኛው ክፍል ስንደርስ ድምፄ ጠፋ፤ ካርቶኑን ይዤ ቆምኩ፣ እሷ ብቻዋን ጨረሰችው።

ማታ እናቴ ቶንሲል መስሏት በሞቀ ውሃ ጨው በጥብጣ እንድጉመጠመጥበት አቀረበችልኝ። ላስረዳት ብሞክር ድምፅ የለኝም። ጓደኛዬ በበሩ ገብታ የቀኑን ሁሉ፣ የአስተማሪውን እጅ ማውጣት ሳይቀር፣ እየተወነች ነገረቻት። እናቴ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እኔም አፌ ውስጥ የያዝኩትን የጨው ውሃ ሳላስበው ዋጥኩት።