«ከምን ተነስተህ ነው?»

ባለቤቴ የፖለቲካ ክርክር ሲነሳ አይቸኩሉም ነበር። ተናጋሪው እስኪጨርስ ጠብቀው «ከምን ተነስተህ ነው እንዲህ የምትለው?» ይሉታል። እኔም ሬዲዮ ሰምቼ ስቆጣ ይህንኑ እጠየቅ ነበር። ያናድዳል።

ሱዳን ውስጥ ጦርነት ተነስቶ ሰዎች በመተማ ዮሐንስ በኩል ሲገቡ የሰሊጥ መጋዘናችን ባዶ ነበር። እናስጠልላቸው ወይስ ይለፉ ተብሎ ጎረቤቱ ግቢያችን ተሰበሰበ።

አንድ ጎረቤታችን «ይህ የእግዚአብሔር ቁጣ ነው፤ በቁጣው መካከል አንግባ» አለ።

በፈጣሪ የማያምነው መምህሩ ወንድሜ «ቁጣም ፈጣሪም የለም። እኛ ካላስጠጋናቸው ማንም አይደርስላቸውም» ሲል ግቢው ተንጫጫ። «የከሃዲ ምክር አንሰማም!» አሉት።

ባለቤቴ ተነሱ። «እሱ ከሰው ሌላ ረዳት የለም ብሎ ተነሳ። እኔ ፈጣሪ ነገ ይጠይቀኛል ብዬ ተነሳሁ። የተገናኘነው ግን እዚህ በር ላይ ነው» አሉና መጋዘኑን ከፈቱት። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞረው «አንተንስ ሰማይ ቤት ማን ያስጠጋሃል?» አሉት።

«እርስዎ አሉልኝ አይደል፣ ጋሼ!»

የተቆጡትም ሳቁ። በዚያ ክረምት መጋዘናችን ውስጥ ልጅ ተወለደ።

ባለፈው ሳምንት፣ በተዝካራቸው ዕለት፣ ስለ ምርጫ ክርክር ተነሳ። ድምፅ ከፍ ሲል ሁላችንም ወደ ባዶው መደባቸው ዞርን። ያን ጊዜ ወንድሜ ከተከራካሪዎቹ አንዱን ቀስ ብሎ «ከምን ተነስተህ ነው?» ሲል ጠየቀ።

ተጠያቂው፣ ድሮ በእሳቸው እንደሚበሳጨው ሁሉ፣ በስጨት አለ። ከዚያ ተቀምጦ ያስረዳ ጀመር። እኔም በሐዘን ልብሴ እንዳለሁ በባለቤቴ ኮራሁ።