ነጭ ቴትሮን ለኦዴሳ መርከብ

መኩሪያ የሚተኩሰው የሌላ ሰው ልብስ፣ የሚያወራው የሌላ ሰው ጉዞ ነበር። አትላስ አካባቢ ባለች አንዲት ላውንደሪ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ካውያ ሲገፋ ይውላል፤ ወደ ሾላ ሲመለስ ግን ሰፈሩ «ካፒቴን» እያለ ከመቀመጫው ይነሳለታል። ከገበያው ነጋዴ እስከ ቀበሌው ጥበቃ ስለ መርከብ ከመኩሪያ ያልሰማ የለም። ሳህኑ ከብር እንደሆነ፣ ለቁርስ፣ ለምሳና ለራት ሦስት ጊዜ ልብስ እንደሚቀየር፣ የመርከቡ አዛዥ ክራባት ያላሰረ ሰው ከገበታው እንደማያስቀርብ፣ ሁሉንም አውርቶላቸዋል።

እውነቱ አጭር ነው። በ1951 ዓ.ም. አንድ ደጃዝማች በባሕር ወደ ናፖሊ ሲሄዱ፣ ልብሳቸውን የሚተኩሰው መኩሪያ እስከ ምፅዋ ተከትሏቸው ነበር። መርከቡ ላይ ወጣ፤ ሻንጣ ፈታ፣ ኮቱን በየመስቀያው ሰቀለ፣ ስድስት ሸሚዝ ተኮሰ። ከዚያ ጥሩንባው ተነፋ፤ ተሳፋሪ ያልሆነ ይውረድ ተባለ፤ ወረደ። ለደጃዝማቹ ከተሰጡት ሁለት ባለሥዕል የመንገደኛ መመሪያዎች አንዱ ኪሱ ውስጥ ቀርቶ ነበር። አሥመራ አንድ ልብስ አጣቢ ቤት አምስት ወር ሠርቶ አዲስ አበባ ሲመለስ፣ ያገኘው ሁሉ «እንኳን ከባሕር ማዶ በሰላም መጣህ» አለው። መኩሪያም «አሜን» አለ። ውሸቱ ይኸው ነው፣ አንዲት አሜን። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ የእሷ ልጅና የልጅ ልጅ ነው። ታሪክን የሚሠራው ሰፊው ሕዝብ ነው ይላሉ የአብዮቱ በራሪ ጽሑፎች፤ ሰፊው ሕዝብ የራሱ ታሪክ ሲያጥረው የጌታውን ተኩሶ እንደሚለብስ ግን አልጻፉም።

ይህን የነገረው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ለሚስቱ ለየሺአረግ። እሷም ዝም አለች። ባሏ ሰው ፊት ሲከበር የምትጠላ ሚስት የለችም።

በ1972 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ቀበሌው ስምንት ወጣቶችን ለጨርቃ ጨርቅ ትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት እንዲልክ ኮታ ደረሰው። ከአሰብ በትልቅ የመንገደኛ መርከብ ተሳፍረው ኦዴሳ ይወርዳሉ ተባለ፤ ወሩም ኅዳር ነው። ከስምንቱ አንዷ የመኩሪያ ልጅ ብርነሽ ነበረች። የሃያ ዓመት ልጅ ናት፣ ትምህርት ይገባታል፣ ጉዞ ግን ጠላቷ ነው። ባለፈው ዓመት ለአጨዳ ዘመቻ ከሾላ ብዙም ወደማይርቀው ጎሮ በጭነት መኪና ሲወስዷቸው ሦስት ጊዜ አስመልሷት፣ ማሳው ዳር ስትደርስ ማጭድ መያዝ ቀርቶ መቆም አቅቷት ነበር። ያም ሆኖ ኦዴሳን አልፈራችም። አባቷ ባሕር አቋርጦ የተመለሰ ሰው ነው፤ ምን ያስፈራታል?

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ጉግሳ፣ ድሮ የመጠጥ ማከፋፈያ ጸሐፊ የነበረ፣ አሁን የዓለም ላብ አደሮችን በስብሰባ መክፈቻ እየጠራ በመዝጊያው የሚያዛጋ ሰው ነው። ወጣቶቹን በመርከብ ላይ ምን እንደሚጠብቃቸውና ምን እንደሚለብሱ ገለጻ ይሰጣቸው አለ። ገላጩ ማን ይሁን ብሎ የጠየቀ አልነበረም። መኩሪያ መመሪያውን በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣ።

የጣሊያንኛ ጽሑፉን አዳራሹ ውስጥ ማንበብ የሚችል አልነበረም፤ መኩሪያም ጭምር። ሥዕሉ ግን ማንንም አያሳስትም። ከራስ እስከ እግር ነጭ የለበሱ ወንዶች የመርከቡን አጥር ተደግፈው ይስቃሉ፤ ሴቶቹ እጅጌ አልባ ቀሚስ ለብሰው ሰፊ ባርኔጣ ደፍተዋል። መርከቡ ወዴት እንደሚሄድ፣ ወሩም የበጋ ይሁን የክረምት ሥዕሉ አይናገርም። ሩሲያ በረዶ እንደሆነች በዚያ አዳራሽ የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ በየጊዜው በሚታየው ፊልም ወታደሮቿ እስከ ጉልበታቸው በረዶ ውስጥ ሲሄዱ አይተዋል። ነገር ግን የታተመ ወረቀት በአንድ ወገን፣ የገዛ ዓይን በሌላ ወገን ሲቆሙ የኛ ሰው ለማን እንደሚመሰክር የታወቀ ነው። መኩሪያም ነገሩ ሞቅ ሲለው፣ መርከብ ውስጥ ብርድ የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ጋቢና ሹራብ ተሸክሞ መሄድም አገር ማሰደብ እንደሆነ አከለበት።

አንዱ ወጣት ይህ የመኳንንት አለባበስ አይደለም ወይ ብሎ ጠየቀ። ጓድ ጉግሳ መልስ አላጣም።

«መርከባቸውን ወዝአደሩ ነጥቋቸዋል፤ ልብሳቸውን ለምን ይተውላቸዋል?»

ተጨበጨበ። ለስምንቱም አንድ ዓይነት ነጭ ቴትሮን እንዲሰፋ ተወሰነ፤ የልብስ ሰፊዎች ማኅበር ልካቸውን ወሰደ፤ ሪፖርት ከቀበሌው በላይ ላለው ለከፍተኛው ተላለፈ። ሪፖርት ከተላለፈ ደግሞ ነገሩ ተፈጽሟል ማለት ነው፤ የቀረው መርፌና ክር ብቻ ነው።

በማግስቱ ቅዳሜ ብርነሽ ከአክስቷ የወረሰችውን የሱፍ ካፖርት ሾላ ገበያ ወስዳ በነጭ ጫማና በሰፊ ባርኔጣ ለውጣ መጣች። ባርኔጣውን ደፍታ በጓሮው በር ገባች፤ እናቷ ሽንኩርት ከምትልጥበት ቀና ብላ አየቻት። አባቷ የዕረፍት ቀኑ ነበር፤ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ብርነሽ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አባባ፣ እንደ መኪናው ያደርገኝ ይሆን?»

«መርከብ እኮ ቤት ነው። ቤት ያስመልሳል?»

«እርስዎን አላስመለሰዎትም?»

«እኔን? አንድም ቀን።»

ይህቺኛዋስ እውነት ነበረች፤ መልሕቅ የጣለ መርከብ ማንንም አያስመልስም። ልጅቷ ተደስታ ጫማዋን ለጓደኞቿ ልታሳይ ወጣች። የሺአረግ ልጅቷ እስክትርቅ ጠብቃ፣ ባርኔጣውን ከተወችበት አንስታ ባሏ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው።

«ልጄን በነጭ ገንዘህ ልትልካት ነው?»

መኩሪያ አሁን ሰው ፊት ምን ብሎ ቃሉን እንደሚመልስ ጠየቃት።

«ሃያ ዓመት ደበቅሁልህ» አለች የሺአረግ። «እስከ ዛሬ ውሸትህ ቀልድ ነበር፣ ሰው ያጫውት ነበር። አሁን ልጄን ሊወስድ ነው። እኔ አልናገርብህም። አንተ ትናገራለህ።»

ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። መኩሪያ በዚህ ዓለም ላይ ያለው ሀብት ሁለት ነበር፣ ስሙና ልጁ። ሁለቱንም ይዞ የሚያመልጥበትን ቀዳዳ ሲፈልግ ዋለ፤ ያገኘም መሰለው። እውነተኛውን ነገር ከሚያውቅ ሰው በዘዴ ወስዶ፣ የራሱ አስመስሎ፣ «ይህንን ረስቼው ነበር» ብሎ ሊጨምርበት አሰበ። ውሸታም ሲጨንቀው እውነትንም መስረቅ ያምረዋል።

ሾላ ገበያ ቅመም ተራ ሐጂ ሐምዛ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። በወጣትነታቸው ከምፅዋ ጅዳ በመርከብ ተጉዘው ሐጅ ያደረጉ ሰው ናቸው። ቀበሌው ስለ ባሕር ጠይቋቸው አያውቅም። እሳቸው የተጓዙት ከመርከቡ ወለል ላይ፣ ከሦስት መቶ ሰውና ከከረጢት ጋር ተጋፍተው ነው፤ የብር ሳህን አላዩም። መኩሪያ ኮረሪማ የሚገዛ መስሎ ገባና፣ የእርስዎ ጉዞ ከኔው ጋር ሲነጻጸር እንዴት ነበር ብሎ እንደ ዋዛ ጀመረ። ሐጂ ኮረሪማውን እየሰፈሩ አዩት።

«አንተ እኮ አልተሳፈርህም።»

መኩሪያ የሚሰማ ሰው ይኖር እንደሆነ ዞር ብሎ አየ። «ማን ነገረዎት?»

«ማንም። ባሕር ያቋረጠ ሰው አስቀድሞ የሚያወራው ስለ ማስመለሱ ነው። አንተ ሃያ ዓመት ሙሉ ስለ ሳህን ነው ያወራኸው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ማንን ጎዳህ? አሁን ግን ልጆቹን ልትጎዳ ነው። እኔ የሰው ገመና አልገልጥም። በሩን አንተ ክፈተው፤ ከዚያ እኔ ገብቼ የማውቀውን እናገራለሁ።»

የተሰፈረውን ኮረሪማ አስያዙት፤ እሱም ይዞ ወጣ። ቀዳዳው ተደፈነ።

እሑድ ጠዋት የቀበሌው የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ነበር። ይህ ሥርዓት ለማያውቀው፣ ሰው በገዛ ፈቃዱ ተነስቶ ጥፋቱን የሚናገርበት ነው። ለሚያውቀው ግን፣ ሰው ከጥፋቶቹ ሁሉ የማትጎዳውን መርጦ የሚናገርባት ጥበብ ናት። ያን ዕለትም አንዱ ስብሰባ አርፍዷል፣ አንዱ ለንባብ በቂ ጊዜ አልሰጠም፣ አንዷ የንዑስ ከበርቴ ስሜት አልፎ አልፎ ይጎበኛታል። ጸሐፊው ቀና ሳይል ይጽፋል። ወደ ፊት ለመታረም ቃል ተገብቶ ይጨበጨባል። ስምንቱ ተጓዦች ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ሐጂ ሐምዛ በር አጠገብ። መኩሪያ ተራው ሲደርስ መመሪያውን ይዞ ቆመ።

«እኔ መርከብ ተሳፍሬ አላውቅም። ምፅዋ ላይ ቆሞ ሳለ ወጥቼ፣ ልብስ ተኩሼ ወርጃለሁ። ያወራሁላችሁ ሁሉ ከዚህ ሥዕል ያየሁትን ነው።»

ጸሐፊው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞክሮ አልሆነለትም። ጓድ ጉግሳ ግን ሪፖርቱን አሰበ። ትሕትና የወዝአደሩ ጌጥ መሆኗን፣ ሲበዛ ግን ወደ ቀኝ ዝንባሌ እንደምትወስድ አስረድቶ፣ ስብሰባው የጓድ መኩሪያን ትሕትና ተቀብሏል ብሎ ሊያልፈው ፈለገ።

«ትሕትና አይደለም፣ ጓድ ሊቀመንበር። ውሸት ነው» አለ መኩሪያ፤ ተቀመጠም።

በዚያ ቀበሌ ግለ ሂስ ከተጀመረ ወዲህ እውነት ሲነገር ያ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም፤ ምን እንደሚደረግበት የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ሐጂ ሐምዛ እጃቸውን ያነሱት ያኔ ነው። መጀመሪያ የሚጠብቃቸው ነገር ማስመለስ እንደሆነ ነገሯቸው፤ በመጀመሪያው ቀን ጀግናም ደካማም አንድ ላይ ይወድቃል፣ በሦስተኛው ቀን ግን አብዛኛው ሰው ይነሳል። ባዶ ሆድ ይብሳል፤ ዳቦ ቆሎና ዝንጅብል ያዙ። ከመርከቡ መካከል ተኙ፣ ጫፉ እንደ ወንፊት ይነፋል። ዓይናችሁን ከእግራችሁ ሥር አንስታችሁ ሩቅ ተመልከቱ። ወለሉ ሁልጊዜ እርጥብ ስለሆነ አዲስ ጫማ ያንሸራትታል፣ ያረጀ ጎማ ይሻላል። ባርኔጣ የነፋስ ሲሳይ ነው። ልብሳችሁ ጠቆር ያለ፣ ቢያስመልስባችሁ የማያሳፍራችሁ፣ ታጥቦ ቶሎ የሚደርቅ ይሁን። ስለ ብርዱ ሲጠየቁ ደግሞ እንዲህ አሉ፦

«ጅዳ እሳት ናት፤ ባሕሩ ላይ ግን ነፋሱ አጥንቴ ገባ። ወደ እሳት ስሄድ እንዲያ ከሆንሁ፣ እናንተ ወደ በረዶ የምትሄዱት አስቡት።»

ጓድ ጉግሳ ብዙ ከተመካከረ በኋላ ውሳኔ ሰጠ። ነጩ ልብስ ለከፍተኛው ስለተነገረ ለሽኝቱና ለፎቶግራፉ ይለበሳል፤ ከከተማው ወሰን ወዲያ ግን ጓዶች እንደ ተጨባጩ ሁኔታ ይለብሳሉ። የሰባቱ ወላጆች በዚያው ሳምንት ጋቢና ሹራብ ፍለጋ ሮጡ። የብርነሽ ካፖርት ግን ሾላ ላይ እጅ ቀይሮ አልፏል፤ እናቷ ገበያውን ሁለት ጊዜ ዞራ አጣችው። ብርነሽ አባቷን ሸሸች። ሲገባ ትወጣለች፣ ምሳዋን ጀርባዋን ሰጥታው ትበላለች። ሰፈሩም «ካፒቴን» ማለቱን አልተወም፤ አሁን ግን እየሳቀ ነው የሚለው፣ ከወንበሩም የሚነሳ የለም።

ላውንደሪው ጓዳ ውስጥ ባለቤት ያልመጣላቸው ልብሶች የሚሰቀሉበት ብረት ነበር። ድሮ ሁለት ሦስት ልብስ ነበረበት፤ ከስልሳ ዘጠኝና ከሰባ ዓ.ም. ቀይ ሽብር በኋላ ብረቱ ሞልቶ ጎበጠ። ባለቤቶቹ ልብስ ሊያሳጥቡ አምጥተው ያልተመለሱ ሰዎች ናቸው። የሄዱበትን ማንም አይጠይቅም፤ የሥራው ደንብም የሰው ልብስ አይሸጥም፣ አይለበስም ይላል። መኩሪያ በየሦስት ወሩ ብል እንዳይበላቸው ይቦርሻቸው ነበር። ከመሃላቸው አንድ ከባድ ጥቁር የሱፍ ካፖርት አውርዶ ለኃላፊው ለሐጎስ ወሰደለትና፣ ለልጁ እንደሚፈልገው ነገረው። ሐጎስ ኮሌታው ላይ የተሰፋውን ቁጥር አየ፣ መዝገቡን ገለጠ፣ ስሙን አነበበ፣ መዝገቡን ዘጋ።

«ባለቤቱ ከመጣ አዲስ እናሰፋለታለን» አለ።

በሽኝቱ ቀን ስምንቱም ነጭ በነጭ ሆነው ቀበሌው በር ላይ ተሰለፉ፤ ፎቶግራፍ ተነሡ፤ ንግግር ተደረገ፤ ንግግሩ ረዘመ። ፎቶ አንሺው መሣሪያውን ሲያጥፍ መኩሪያ ካፖርቱን ለብርነሽ አቀበላት። አየችው፣ አየችውና ለበሰችው። እጅጌው ጣቶቿን ሸፈነ። ጓድ ጉግሳ መጣ።

«ይህ የማን ነው?»

«ላውንደሪ የቀረ ነው» አለ መኩሪያ።

«ባለቤቱስ?»

«አልመጣም።»

ጓድ ጉግሳ ካፖርቱን ትንሽ ተመለከተውና፣ አውቶቡሱ ላይ የተጫኑትን ሻንጣዎች ልቁጠር ብሎ ሄደ። ብርነሽ ተሳፈረች። መስኮቱን ከፈተች።

«አባባ፣ ባሕሩን ግን አይተውታል አይደል?»

«አይቻለሁ። ወደቡ ላይ ቆሜ።»

«ምን ይመስላል?»

መኩሪያ አፉን ከፈተ። ሃያ ዓመት የለመደው ሁሉ ተሰልፎ ምላሱ ላይ ቆመ። ዋጠው።

«ሰፊ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን አንቺ ጻፊልኝ።»

ብርነሽ እጅጌዋን አጥፋ እጇን አወጣችና ጨበጠችው። አውቶቡሱ ተነሳ። የሺአረግ እስኪሰወር ቆማ አለቀሰች፤ መኩሪያ ቀኑ የሥራ ቀን ስለነበረ ወደ ካውያው ሄደ።