እጅጌው የቀረ ቀሚስ

ልብስ ሰፊዋ የካንሰር ሕክምናዋን ጨርሳ ቤቷ ስትገባ ታናሽ እህቷ «እንኳን ለዚህ አበቃሽ!» ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ዘመድ አዝማዱም «አሁንማ ድነሻል» እያለ መርቆ ሄደ። መዳን እንደ ምርቃቱ ቢቀል ምን ነበረበት! ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷ ይከዳታል፤ ከመድኃኒቱ ወዲህ ደግሞ ጣቶቿ ደንዝዘው መርፌ ቢወጋት እንኳ አይሰማትም።

በማግስቱ የስፌት መኪናዋን ልታፀዳ ክዳኑን ብታነሳ፣ እጅጌው ብቻ ሳይገጠም የቀረ ጥቁር ቀሚስ አገኘች።

«የደንበኛ ነው» አለች እህቷ ቶሎ ብላ።

ልብስ ሰፊ ደግሞ የሰው ትከሻ አይረሳትም። እንደዚህ ቀሚስ ግራ ትከሻዋ ከቀኙ ዝቅ ያለ ደንበኛ የላትም፤ እህት ግን አለቻት። እህትየው ለእሷ ለቅሶ የምትለብሰውን፣ በእሷው መኪና፣ ቀድማ እየሰፋች ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ቁጭ ብላ የተንሻፈፈውን ስፌት ተርትራ እንደገና ሰፋችው። እጅጌውን ስትገጥም መርፌው ጣቷን ወጋትና አመማት። ከታመመች ወዲህ ያን ያህል ስቃ አታውቅም።

ቀሚሱን በደንብ ተኩሳ ለእህቷ አቀበለቻት።

«በይ፣ እጅጌውንም ገጥሜልሻለሁ። አሁን የሚሞትልሽ ፈልጊ።»