ጽጌ ዓይኗን እስክትገልጥ

ንጋት፣ ቦሌ

ጎህ ሳይቀድ ከቤት ወጣሁ። ሽማግሌ ለአውሮፕላን የሚቸኩለው በወጣትነቱ ስላልተሳፈረበት ነው። አንገቴ ላይ በዕድሜ ከእኔ ጥቂት የምታንስ የሩሲያ ካሜራ፣ ኪሴ ውስጥ ፍላሽና ባትሪ ድንጋይ።

"አባባ፣ ይሄ ይሠራል?" አለችኝ ፈታሿ።

"ከእኔ ይሻላል።"

ፊልሟን ጨረር እንዳያበላሻት በማሽኑ እንዳታልፍ ለመንኳት። ፒያሳ እንኳ ፊልም ከጠፋ ስንት ዘመኑ፤ ያለችኝ የተጀመረች አንዲት ጥቅል ናት። ስቃ በእጇ አሳለፈችልኝ።

የምሄደው ታናሽ እህቴ ጽጌ ዘንድ ነው። ጽጌ ከልጅነቷ ጀምሮ ፍላሽ ሲበራ ትጨፍናለች። የወላጆቻችን ቤት ግድግዳ ላይ ባለው ፎቶ ሁላችንም አፍጥጠናል፣ እሷ ተኝታለች። ባለፈው በስልክ፣ "ጋሼ፣ ስሞት ያንን ፎቶ ድንኳን ውስጥ ሲያቆሙት፣ ሰው 'ይቺማ ዱሮም ሞታ ነበር' ይላል" አለችኝ። ስቃ ነው ያለችው። እኔ ግን ትኬት ቆረጥኩ።

ረፋድ፣ ጁባ

ከአውሮፕላኑ ስወርድ ሙቀቱ መነጽሬን አሳወረው። ጽጌ የላከችው ሾፌር ደንግ ይባላል፤ አዲስ አበባ ያደገ፣ አማርኛው ከእኔ የሚፈጥን። ቀይ አቧራ፣ የውሃ ቦቴ፣ ቦዳ ቦዳ የሚሏቸው የሞተር ታክሲዎች፣ ማንጎ ጥላ ስር የተደረደሩ ሲም ካርድ ሻጮች። ደንግ ያገኘውን ሁሉ በመስኮት "ኢታ ከፍ?" እያለ ደህንነቱን ይጠይቃል።

"አባባ፣ ካሜራውን መንገድ ላይ እንዳያወጡት። ፈቃድ ይፈልጋል፣ ጣጣ አለው።"

"የማነሳው ሕንፃ አይደለም ልጄ፣ የእህቴን ዓይን ነው።"

"እሱማ ይብሳል። እትዬ ጽጌን በስልኬ ሞክሬያቸው ነበር፤ ጨፈኑ።"

ከሰዓት፣ አትላባራ ሰፈር

የጽጌ ምግብ ቤት ለሙቀቱ መጋረጃው ወርዶ ጨለም ብሏል። ጥብስ የናይል ዓሣ በአዋዜ በላን። ፀጉሯ ሸብቷል፤ የእኔ ሸብቶ ጨርሶ ሄዷል።

ፍላሹን ሰካሁ። በቀጭኑ እያፏጨ ጉልበት ሰበሰበና ቀይ መብራቱ በራ። የካሜራዋን የመዝጊያ ፍጥነት ሠላሳ ላይ አደረግሁ፤ በፍላሽ ከዚያ ካለፉ ግማሹ ፎቶ ጥቁር ይወጣል። በማያ መስኮቷ ሳይ ሁለት ጽጌ አለች። የሌንሱን ቀለበት ሳዞር ተጠጉ፣ ተጋጠሙ፣ አንድ ሆኑ። ያቺ ትንሿ ልጅና ይቺ ሴትዮ የተገናኙ መሰለኝ።

የዚህች ካሜራ ደግነት፣ ማያዋ ከሌንሱ የተለየች መስኮት መሆኗ ነው። ፍላሹ ሲበራ እንኳ አትጋረድም፤ የጨፈነ ሰው ያኔውኑ ይታያል።

"አንድ፣ ሁለት…" ብልጭ። "ጨፈንሽ።"

"ሳትቆጥር አንሳኛ።"

ብልጭ። "ጨፈንሽ።"

"ወንድሜ ነህ ወይስ ትራፊክ ፖሊስ?"

እንዲህ እንዳልን የቀረችኝ የመጨረሻዋ ፎቶ ብቻ ሆነች። ደንግ ከዓሣው ቀና አለ።

"አባባ፣ ይቅርታ፣ ከፊቱ ያለው ጥቁር ክዳን አይነሳም?"

የሌንሱ ክዳን። ዕድሜ ልኬን ፎቶ አንሺ ነኝ ስል ኖሬያለሁ። ሌንሱ ታፍኖም መስኮቷ ሁሉን ታሳየኝ ነበር።

"አንተ ሽማግሌ" አለች ጽጌ፣ "እስካሁን ጨለማ ነው ስታነሳ የቆየኸው?"

ክዳኑን መንጭቄ ቁልፉን ተጫንኩ። ሳቅ ግን አሸንፎኝ የገዛ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።

"ጨፈንኩ?" አለች ጽጌ።

"አላየሁም።"

መልስ፣ አዲስ አበባ

መታጠቢያ ቤቴን አጨልሜ ፊልሟን አጠብኳት። መጀመሪያ የጎረቤቴ ውሻ፤ ከዚያ ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ። ጫፏ ላይ አንዲት ሴት። ነጌቲቭ ላይ ጥቁር ነጭ፣ ነጭ ጥቁር ይሆናልና፣ አምፖል ፊት ስይዛት በሁለት ብሌኖቿ ብርሃን አለፈ። መሀላቸው ላይ የፍላሼ ብልጭታ ጥቁር ነጥብ ሆና ተቀምጣለች።

ደወልኩላት።

"ጨፍኛለሁ?"

"አፍጥጠሻል። ሰው ልትመቺ የተነሳሽ ነው የምትመስዪው።"



"እንግዲያው ድንኳኑ ይቆይ" አለች፤ "አሁን ግድግዳው ላይ ስቀለው።"